ማር የነካው ጣት

እናቴ የስኳር በሽታዋን የሚከታተለውን ሴንሰር የምትለጥፈው የላይኛው ክንዷ ላይ ነበር፣ እጅጌዋ ሁልጊዜ በሚሸፍነው ቦታ። ነርሷ ሆድ ላይ ቢሆን ትመርጥ ነበር። እናቴ ግን ኤርፖርት ስታጸዳ የምትታጠቀው ቀበቶ እንደሚነካካው ነገረቻት። የነገረቻት እውነት ነው። በጸሎት ሰዓት የቤተ ክርስቲያን እህቶች ወገቧን አቅፈው ስለሚይዟት እንዳይዳስሱት ብላ እንደሆነ ግን አልነገረቻትም።

ሳንቲም የምታክል ፕላስቲክ ናት። ከሥሯ ፀጉር የመሰለች ሽቦ ቆዳ ውስጥ ትገባና በየአምስት ደቂቃው የስኳሯን መጠን ኪስ ውስጥ ወደሚያዝ መሣሪያ ትልካለች። ቁጥሩ ከአራት በታች ሲወርድ መሣሪያው ይጮሃል፣ ከአሥራ አራት ሲያልፍም ይጮሃል። እናቴ ስም አውጥታለት ነበር፤ ሰባኪው።

«ጀመረ ደግሞ» ትል ነበር። «ንስሐ ግቢ ሊለኝ ነው።»

ሰባኪው ግን ራሱ መታረም ነበረበት። ጠዋትና ማታ ጣቷን ወግታ በደም መለኪያው ያገኘችውን ቁጥር ካላስገባችለት ቀስ በቀስ ከእውነቱ ይርቃል። ነርሷ ይህንን ስታስረዳን፣ «ሴንሰሩ የምትነግሩትን ያምናል፤ ስለዚህ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ አድርቃችሁ» አለች። እኔ ነበርኩ ያስተረጎምኩት። ኬሚስትሪ ነው የተማርኩት፤ ንጹሕ ናሙና ማለት ምን እንደሆነ ለኔ ማንም ማስረዳት አልነበረበትም።

ጊዜው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 2013 ነው። የነዳጅ ዘይት ተወዶ፣ እዚህ ካናዳ፣ የካልጋሪ መሀል ከተማ በክሬን ተሞልታ ነበር፤ የቡና መሸጫው ሁሉ መስኮቱ ላይ ሠራተኛ እንፈልጋለን ብሎ ለጥፏል። አብረውኝ ከተመረቁት ግማሾቹ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፎርት ማክመሪ ሄደዋል። ለኔም ከዚያ የሥራ ደብዳቤ መጣልኝ፤ የውሃ ምርመራ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ሁለት ሳምንት እዚያ ካምፕ፣ አንድ ሳምንት ቤት። መልስ የሚፈልጉት እስከ ሰኞ ቀትር ነበር።

አቢዴል የሚባል ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነን። የመሣሪያው ጩኸት ደግሞ ከአንድ ቤት ግድግዳ አያልፍም። እኔ ከሌለሁ ማን ይሰማዋል?

«እኔ እሰማዋለሁ» አለች እናቴ።

«ተኝተሽ ከሆነስ? ራስሽን ስተሽ ከሆነስ? እማዬ፣ ለአንድ ሰው እንንገር። ለእትዬ አፀደ ብቻ።»

«አይሆንም።»

ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ክኒን በጀመረች ሰሞን፣ በጉባኤ ጸለዩላት፤ በሳምንቱ ስኳሯ ወርዶ ተገኘ። እሁድ ማይክ ይዛ ወጣችና ጌታ ከስኳር በሽታ ፈውሶኛል ብላ መሰከረች። እልልታው አዳራሹን ሞላው። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ እትዬ አፀደ እያለቀሰች አቀፈቻት። በስምንተኛው ወር ዶክተሩ ክኒኑ አይበቃሽም፣ ኢንሱሊን ያስፈልግሻል አላት። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «አሁን ውሸታም ሆኜ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ነዳሁ።

መልስ መስጫው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን ኩሽና ውስጥ ነበርን። በማግስቱ የጉባኤያችን ልጅ የጽጌሬዳ ሠርግ ነው። እናቴ የምትበጠብጠውን ብርዝ የሚያክል የለም ስለሚባል ሥራው የእሷ ሆነ። የክፍለ ሀገራችን የአልበርታ ማር ነጭ ሆኖ ይጋግራል፤ እንደ ቅቤ በእጅ እየፈረፈሩ ለብ ባለ ውሃ ካላሹት አይሟሟም። እናቴ ቀኝ እጇን እስከ ክርኗ በርሜሉ ውስጥ አስገብታ ታሻለች።

«ጓንት አድርጊ እንጂ» አለቻት አንዷ።

«ሙሽሮቹ ፕላስቲክ ይጠጡ?»

«ተያት» አለች እትዬ አፀደ ድስት እያማሰለች። እትዬ አፀደ የኩሽናው አለቃ ናት፤ ድምጿ ከድስቶቹ ይበልጣል። «የሠናይት እጅ ከሌለበት ምኑን ብርዝ ሆነ!»

አሥር ሰዓት ሲሆን የእናቴ ኪስ ውስጥ መሣሪያው ጢጥ አለ። ጣት ውጊና ቁጥር ስጪኝ ማለቱ ነው። ዓይኗ ከዓይኔ ተገናኘ። እጇን በፎጣ ጠራረገችና ወንበር ወደሚከማችበት ክፍል ገባች፤ ተከተልኳት። ክፍሉ ውስጥ ቧንቧ የለም። ቧንቧው ያለው ኩሽናው ውስጥ፣ ሴቶቹ መሀል ነው።

የቀኝ እጇን ጣት ወጋሁ። መለኪያው አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት አለ።

ሴንሰሩ ግን ስድስት ነጥብ ሁለት ነበር የሚለው።

«ብርዙን ቀምሰሻል?»

«አንድ ጭልፋ ቀምሻለሁ። ግን ደህና ነኝ እኮ። ሲበዛብኝ አፌ ይደርቃል፤ አሁን አልደረቀም።»

የዚያው እጅ ሌላ ጣት ወጋሁ። አሥራ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ። ሁለት ጊዜ ተለካ፣ ሁለቴም ከፍተኛ ነው፤ የተሳሳተው ሴንሰሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቁጥሩን አስገባሁለት። እሱም የነገርኩትን አመነ።

«ዶክተሩ በጻፈው መሠረት ስድስት ዩኒት ኢንሱሊን ነው» አልኳት።

«ደቢ፣ ደህና ነኝ እያልኩሽ?»

«ቁጥሩ እንደዚያ አይልም፣ እማዬ።»

አየችኝ። ከዚያ ሹራቧን ከሆዷ ላይ ገለጠች። «እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለች፤ ተወጋች። እየቀለደችብኝ አልነበረም። በእውነት አምናኝ ነበር።

እኔ የሠርጉን ኬክ ላመጣ ከከተማው በስተሰሜን ወዳለችው ኤርድሪ ነዳሁ። የጋገረችው ሴት የምትኖረው እዚያ ነው። ኬኩን የኋላ ወንበር ላይ አስሬ ስመለስ ሀይዌይ ቱ ተጨናንቆ ነበር። ስልኬ ጠራ፤ እትዬ አፀደ ናት። ጥግ ይዤ ቆምኩ።

«ደቦራዬ፣ እናትሽ ምን ነክቷታል? እንደ ሰከረ ሰው ትንተባተባለች። እነዚህ ልጆች በብርዝ ሰከረች እያሉ ይስቃሉ። እኔም ስቄ ነበር፤ አሁን ግን ማን ነሽ አለችኝ። እኔን! ላቧ ይንጠፈጠፋል።»

«ኪሷ ውስጥ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ምን ይላል?»

«ይሄ ስልክ አይደለም እንዴ? ዘጠኝ ነጥብ አንድ ይላል። ከጎኑ ቀስት አለ፣ ወደ ታች የሚያይ።»

ዘጠኝ ደህና ቁጥር ነው። በዘጠኝ ሰው አይንተባተብም። የመኪናዎቹ ድምፅ እያለፈ፣ እጄ መሪው ላይ እንዳለ፣ ጠየቅኳት፤ «እትዬ፣ እጇ ምን ይመስላል?»

«እጇማ ማር ነዋ! እስከ ክርኗ ማር ነው፤ ስትበጠብጥ አልዋለችም እንዴ?»

ለካ የለካሁት ደሟን አልነበረም። ጣቷ ላይ የደረቀውን ማር ነው፤ ሴንሰሩም ያንን አምኖ ነው ዘጠኝ የሚለው።

ኬሚስት ነኝ። ማንም ተማሪ የማይስተውን ነገር ነው የሳትኩት። ያን ጊዜ ግን እሱን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ማሰብ የነበረብኝ ለእትዬ አፀደ የምለውን ነው፤ የእናቴ ምስጢር ከኔ አፍ ሊወጣ መሆኑን።

«እትዬ አፀደ፣ እናቴ ስኳር አለባት። ኢንሱሊን ትወስዳለች። አሁን ስኳሯ በጣም ወርዷል። መዋጥ ትችላለች?»

«ተፈውሳ የለም እንዴ?» አለች፤ በዝግታ።

«ብርዙን ያጠጧት። አሁኑኑ፣ ሙሉ ብርጭቆ፣ ቀስ እያደረጉ። ካልዋጠች ናይን ዋን ዋን ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ። እለምንዎታለሁ።»

«ሰማሁ» አለች። ስልኩን ሳትዘጋው ድምጿ ከፍ ብሎ ተሰማኝ፤ «ሳቁን ተዉትና ብርጭቆ አምጡ! ሠናይቴ፣ ጠጪልኝ። አዎ፣ ዋጪ። ደግሞ።» ሌላ ሴት መጸለይ ስትጀምር፣ «ጸልዪ፣ ግን ኮቴን አቀብይኝ» አለቻት።

መንገዱ ላይ ያሳለፍኩትን ሃያ አምስት ደቂቃ አላስታውሰውም። ስደርስ እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የእትዬ አፀደ ኮት ትከሻዋ ላይ ነው። እጇን በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ ለካሁ። አራት ነጥብ ስምንት። ብርዙን ጠጥታ ነው እንግዲህ አራት ነጥብ ስምንት። ሳትጠጣ የት ደርሳ እንደነበር አሁን ማወቅ አይቻልም።

«ነገርሻቸው» አለችኝ እናቴ። ጥያቄ አልነበረም።

«ነገርኩ። ስህተቱ የኔ ነው እማዬ። ሳላሳጥብሽ ለካሁ። ደህና ነኝ ስትዪኝ አልሰማሁሽም።»

ሴቶቹ ሁሉ ቆመው ያዩናል፤ ድስቱ ብቻ ይንተከተካል። እናቴ ኮቱን ከትከሻዋ አወረደች። የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ ወደ ላይ አወጣችና ክንዷን አሳየቻቸው።

«ይኸው» አለች። «ያን ጊዜ ስመሰክር ውሸት አልተናገርኩም። ወርዶልኝ ነበር፤ ለዘላለም መስሎኝ ነበር። ሲመለስ ግን… እልል ብላችሁልኝ ነበር። እልልታውን እንዴት ልመልሰው?»

እትዬ አፀደ ማማሰያዋን አስቀምጣ መጣችና አጠገቧ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሴንሰሩን በአንድ ጣቷ በቀስታ ነካችው።

«ያማል?»

«ሲገባ ብቻ።»

«አንቺ ሴት» አለች። «እኔ ለጉልበቴ አልመሰከርኩም? መድረኩ ላይ ዘልዬ አላሳየሁም? በማግስቱ ሰኞ ፊዚዮቴራፒ ነበረኝ። እስካሁን በየሰኞው እሄዳለሁ። አንቺ እንዳታዪኝ ብዬ በሌላ አውቶቡስ ነው የምሄደው።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻት። መጀመሪያ አፍንጫዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። እትዬ አፀደ ጭንቅላቷን ወደ ደረቷ ሳበችው። ሴቶቹም ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ እንዳላዩ ሆነው፣ ድስት እያንኳኩ።

እሁድ ሠርጉ አለፈ። ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን፣ «አልሄድም» አልኳት። «ትናንት ኤርድሪ ነበርኩ፤ ኤርድሪ ቅርብ ነው። ፎርት ማክመሪ ስሆንስ?»

«ትናንት የት ነበርሽ ስትለኪኝ?»

«አጠገብሽ።»

«አጠገቤ ሆነሽ ነው የተሳሳትሽው» አለች። ቃሏ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ቢሆንም አንገቴን ደፋሁ። እጄን ያዘችው። «ለመውቀስ አይደለም፣ ልጄ። እኔም ፎጣው ይበቃል ብዬ ነበር። ቧንቧው ዘጠኝ እርምጃ ነበር፤ አፍሬ ነው ያልሄድኩት። አሁን አፀደ ታውቃለች። ቤቷ ከኛ ሦስት መንገድ ነው፤ አንቺ በሌለሽበት ማታ ማታ እኔ ጋ ታድራለች።»

«ፈራሁ እኮ።»

«ፍሪ። እኔም እፈራለሁ። ፈርተሽ ሂጂ።»

ሰኞ ጠዋት እትዬ አፀደ ከፊዚዮቴራፒዋ በፊት መጣች። ማንም ሳያዛት እስከ ክርኗ ታጠበች፤ እጆቿን ወደ ላይ አንስታ፣ በር በእግሯ ከፍታ እንደ ሐኪም ገባች። እናቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መለኪያውን፣ መርፌውን፣ መሣሪያውን ደርድራ ጠበቀቻት። እኔ ላስረዳ አፌን ስከፍት እናቴ እጇን አነሳችብኝ፤ ራሷ ጀመረች።

«ይሄ የሚያነበው ከቆዳዬ ሥር ያለውን ውሃ ነው፤ ደሜን አይደለም። ስለዚህ ወደ ኋላ ይቀራል። ከፍ ካለ ወይም ከወረደ፣ መጀመሪያ እኔን ጠይቂኝ፤ ላብ አለሽ ወይ፣ አፍሽ ደርቋል ወይ በዪኝ። የኔ መልስና የሱ መልስ ካልተስማሙ ደግሞ ታጥበን እንወጋለን።»

«አንቺ ማን ነሽ ካልሽኝስ?»

«ያኔ አትጠይቂኝ። ጭማቂ አጠጪኝ። ካልዋጥኩ አምቡላንስ ጥሪ።»

«እሺ፣ ጣትሽን አምጪ» አለች እትዬ አፀደ፤ መርፌውን በሩቁ ይዛ። «ወይኔ ጌታዬ፣ በግ አርጄ አላውቅም።»

«ጣት ነው እንጂ በግ አይደለም። ዓይንሽን ግለጪ!»

«ገልጫለሁ!»

«አልገለጥሽም፤ እያየሁሽ ነው።»

እኔ ስልኬን ይዤ ወደ ሳሎን ወጣሁ። ለማያውቁኝ ሰዎች መደወል ሁልጊዜ ስለሚከብደኝ የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌው ነበር፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት። ከወጥ ቤት አንድ ጩኸት ተሰማ። የጮኸችው እናቴ አልነበረችም፤ እትዬ አፀደ ናት። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ቁጥሩን አነበቡት፤ ሰባት ነጥብ አራት። እናቴ፣ «እንደዚያ ነው የተሰማኝ» ስትል ሰማኋት።

ስልኩ ወዲያ ማዶ ተነሳ። ስሜን ተናገርኩና፣ ሥራውን እቀበላለሁ አልኩ።