ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ የሚቀየረው ጃቫ

ምሥጋናው የሚባለውን ልጅ የጠረጠርኩት ገና ከዳባት የመጣ ዕለት ነው። እኔ ሰው አላምንም፤ አልደብቅም። እዚህ ደባርቅ፣ የኮሌጃችንን የተማሪዎች መዝገብ ፕሮግራም የሠራሁት እኔ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ የጠገንኩትም እኔ። ታዲያ የሬጅስትራሩ ኃላፊ አቶ ሕሩይ «አዲስ ፕሮግራም የሚሠራ ልጅ ቀጥረናል፤ ሦስት ወር በሙከራ ይቆያል» ሲሉኝ ደስ ይበለኝ?

ችግሩ ሁለታችንም የምንሠራው በአንድ የኮምፒዩተር ማሽን ላይ መሆኑ ነው። የእኔ አሮጌ ፕሮግራም የሚነሣው ፕሮግራሞችን በሚያስኬደው በጃቫ፣ በስምንተኛው ቅጂ ብቻ ነው፤ የእሱ ደግሞ ጃቫ ዐሥራ ሰባት ካልሆነ ንቅንቅ አይልም። ሁለቱም ጃቫዎች ተጭነዋል፤ ማሽኑ የሚታዘዘው ግን በአንድ ጊዜ ለአንዱ ነው። ስለዚህ ቀን ቀን ስምንት፣ ከሥራ መውጫ በኋላ ዐሥራ ሰባት እንዲሆን ተስማማን። ጠዋት ስገባ ወደ ስምንት የምመልሰው እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ጉድ መጣ። ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ፣ ከመካነ ብርሃን ድረስ ለትራንስክሪፕት የመጣ ሰው በመስኮቱ ተሰልፎ እያለ፣ ፕሮግራሜ ድርግም ብሎ ጠፋ። ስፈትሽ ጃቫው ዐሥራ ሰባት ሆኗል። መለስኩት። በነጋታው አምስት ሰዓት ላይ እንደገና። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም።

ምሥጋናው ደግሞ አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ብድግ ብሎ ይወጣል። አንድ ቀን ተከተልኩት። የግቢው በር ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል።

«ማነው?» አልኩት።

«አባቴ ናቸው፣ እትዬ ይመኙሻል። በየዳ ነው ያሉት፤ ኔትወርክ የሚያገኙት በዚህ ሰዓት ተረተሩ ላይ ሲወጡ ነው።»

አላመንኩትም። እጄ የለበትም ለማለት ነው የሚወጣው፤ በስልኩ ነው የሚቀይረው አልኩ በሆዴ። የእኔ ፕሮግራም አርጅቷል ተብሎ ይጣል፣ የእሱ ይንገሥ!

የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው አቶ ሕሩይ ዘንድ ገባሁ። ፕሮግራሙ የጠፋበትን ቀን ሁሉ ጽፌ ሰጠኋቸው።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«እሱ ሳይመጣ እንዲህ ሆኖ ያውቃል?»

ዓርብ ምሥጋናው ከሥራ ተሰናበተ። ሲወጣ «ደኅና ይሁኑ» ብቻ አለኝ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ንጹሕ ቢሆን ይከራከር ነበር ብዬ ልቤ ዐረፈ።

ሰኞ አምስት ሰዓት ላይ ፕሮግራሜ ድርግም አለ። ዳባት ሆኖ እየገባብኝ ነው ብዬ ማክሰኞ አስቀድሜ የኔትወርኩን ገመድ ነቀልኩ። ያለ ገመድም ተቀየረ።

ያን ጊዜ ነው ማሽኑ በተቀጠረላቸው ሰዓት በራሱ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች ዝርዝር የከፈትኩት። በየቀኑ 11:00፣ ወደ ጃቫ ዐሥራ ሰባት ይላል። ትእዛዙን ያስገባው ሰው ስም፦ ይመኙሻል።

በመጣ ሰሞን «ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ሲወጡ በራሱ እንዲቀየር ቢያደርጉልኝ» ብሎኝ ነበር፤ አድርጌለት ጨርሶ ረስቼዋለሁ። ዐሥራ አንድ አለኝ፤ ዐሥራ አንድ ጻፍኩ። ማሽኑ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ የፈረንጅ ዐሥራ አንድ ደግሞ የእኛ ረፋድ አምስት ሰዓት ነው። ሰውየውን ስጠብቅ ማሽኑን ሳላይ ከረምኩ። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

ደወልኩለትና ሁሉንም ነገርኩት።

«ትእዛዙ ላይ ስምዎን እኮ አይቼዋለሁ፤ ገና በሁለተኛው ሳምንት» አለኝ።

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ስምንት ዓመት የሠራ ሰው ሰዓት ይሳሳታል ብዬ አላሰብኩም። ሊያስባርሩኝ ሆን ብለው ያደረጉት መስሎኝ ነው። በሙከራ ላይ ያለ ሰው እርስዎን ቢከስ ማን ያምነዋል?»

«ተሳስቼ ነው፣ ምሥጋናው። አሁኑኑ ለአቶ ሕሩይ እነግራቸዋለሁ። ታምነኛለህ?»

«እሳቸው ራሳቸው ሲደውሉልኝ አምናለሁ» አለኝ።

በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር። ስሜ ያለበትን ገጽ አተምኩና ወደ አቶ ሕሩይ ቢሮ ሄድኩ።