ነደባ ላይ የወጣው ፍሪጅ

ነስሮን የሰደበው የሚስቱ ወንድም ሐምዛ ነው። በሚሌኒየሙ ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ረመዳን ሊገባ አንድ ጁምዓ ሲቀረው፣ ጀጎል ውስጥ በራሱ በሐምዛ ቤት። ነስሮ ያን ሰሞን ከአንዲት ጡረተኛ ነርስ የደርግ ጊዜ ፍሪጅ ገዝቶ ነበር። ጫማውን አውልቆ ወደ ላይኛው ነደባ፣ ትልልቅ ሰው ወደሚቀመጥበት መደብ ሊወጣ እግሩን ሲያነሳ፣ ሐምዛ «አቦ፣ አንተ በሩ ጋ! አሮጌ የሚገዛ ሰው አቧራው አይለቀውም» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ማን ማን እንደሳቀ ነስሮ ዛሬም በስም ይጠራል። ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ቢያቆምም ለቂም የሚሆን ጭንቅላት አላነሰውም።

ከዚያ ወዲህ ለለቅሶ ካልሆነ ያንን ቤት አይረግጥም። የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐምዛ በሰው ፊት «ዓፉ በለኝ» ብሎ ይቅርታ እንዲጠይቀው።

ዘንድሮ የሐምዛ ልጅ ሱመያ ተዳረች። በሠርጉ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ የሐምዛን አዲስ ፍሪጅ አቃጠለው። ለእንግዳ የተጨመቀው የአምበሾክ ፍሬ ጁስ ሊበላሽ ሆነ። ሐምዛ ነስሮ ወደሚኖርበት ሰፈር፣ ሐኪም ጋራ ድረስ እያለከለከ መጣ።

«ነስሮ፣ ወላሂ ጉድ ሆኛለሁ! ያ ፍሪጅህ ይሠራል?»

«የትኛው? አቧራ ያለው?»

«አቦ፣ አንተ ደግሞ! ልጅቷ እያለቀሰች ነው።»

ነስሮ ያችን ቃል ጠበቀ። አልመጣችም። ሚስቱ ረሂማ ከጓዳ ሆና «ሱመያ ምን አደረገችህ?» አለችው። ጥርሱን ነክሶ ሶኬቱን ነቀለ።

ፍሪጁ እስከ ጀጎሉ መግቢያ እስከ ሰንጋ በር በፒካፕ፣ ከዚያ በኋላ በሰው ትከሻ ሆነ። በቀጭኑ መንገድ ሴቶች የሙሽራዋ ጥሎሽ መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት። አንዷማ «ሙሽራው ወፍሯል!» ብላ ተሸካሚዎቹን በሳቅ ልትጥላቸው ነበር።

ቤት ሲደርሱ የሚሠራው ሶኬት ላይኛው ነደባ አጠገብ ያለው ብቻ ሆነ። ትራሱ ተነሣና ፍሪጁ እዚያው፣ ለዱዓ ከተጋበዙት ከሸኽ ዓብዱላሂ ጎን ተተከለ። ነስሮ በሩ ጋ ቆሞ «እኔ የተከለከልኩትን እሱ ወጣበት» ብሎ ሊናደድ ፈለገ፤ ሳቁ ቀደመው።

ፍሪጁ ተንቀጠቀጠና ወፈር ባለ ድምፅ «እምምም» ማለት ጀመረ። ሸኹ ጆሯቸው ከበድ ያለ ነው፤ ሰው ዱዓ የጀመረ መሰላቸውና እጃቸውን ዘርግተው «አሚን!» አሉ። እንግዳውም ተከትሎ «አሚን!» አለ። ፍሪጁ ቀጠለ።

«ማሻአላህ፣ ዱዓው ረዘመ። ማነው?»

«የነስሮ ፍሪጅ ነው፣ ሸኼ!» አለች ረሂማ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቁት ሸኹ ናቸው። «ከእኛ ይልቅ ሳይሰለች የለመነ እሱ ነው! ባለቤቱን ወደዚህ አምጡልኝ።»

ነስሮ ነደባው ላይ ወጣ። ከሰዓት በኋላ አምበሾኩ ቀዝቅዞ ወጣ። ሱመያ በእጇ ቀድታ ሰጠችው፤ ሐምዛ የሳቅ እንባውን እየጠረገ ከአጠገቡ ቆመ። ከዚያ ሳቁን ዋጠ።

«ነስሮ... ያኔ፣ ያልኩህን... ዓፉ በለኝ።»

ነስሮ ለዚህች ቀን ስንት መልስ ስሎ ነበር! ጁሱን እስከ ታች ጠጣው፤ ቅዝቃዜው ጥርሱን ዘልቆ ገባ። ብርጭቆውን ፍሪጁ አናት ላይ አስቀምጦ ወረደ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ወጣ።

«አንተ ሰው! ዓፉ በለኝ እኮ ነው ያልኩህ! አልሰማህም?»

ሰምቷል፤ አሁን ደግሞ መልስ የሚጠብቀው ሐምዛ ይሁን። ፊቱ በሳቅ በርቶ፣ ወደ ኋላው ሳይዞር ቁልቁል መንገዱን ያዘ።