ቲኬት የሌላቸው

«ጋሼ፣ ይብቃ! አያጠጡት!»

ጋሽ ቲኬት ማጠጫውን እንዳዘነበለ ቀጥ አለ። ፈተና እርማት ይዟት ከርማ ዛሬ ብቅ ያለችው የባዮሎጂ መምህርት መደቡ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ አንድ ሰፊ ቅጠል ይዛለች። ሰፈርተኛው ቆሻሻ መጣያ የነበረውን ሜዳ አጽድቶ በፈቃደኝነት የሠራው የመማሪያ አትክልት ቦታ ነገ ለተማሪዎች ሊከፈት ነው።

«ምነው ልጄ፣ ካሮት ውሃ ጠላ?»

«ካሮት ቢሆንማ ምን ነበረበት! አረም ነው፤ መደቡ ሙሉ አረም!»

«እኔን? አረም አያውቁም ልትዪኝ ነው?»

«እንደ ሣር ቀጫጭን ሆነው የበቀሉትንስ ምን አደረጓቸው?»

«ነቀልኳቸዋ! ከሳ ጎበጥ ብለው ሲታዩ ሾልከው የገቡ ይመስላሉ።»

«ካሮቱ እነሱ ነበሩ፣ ጋሼ።»

ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ቆርጧል፤ «ጋሽ ቲኬት» የሚለው ቅጽል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ሳይከፍል የገባ ሰው ከዓይኑ አያመልጥም ይባልለት ነበር። የፈቃደኞቹ ኮሚቴም በሦስተኛው ስብሰባ (የፊተኞቹ ሁለቱ በማኅተም ቅርፅ ክርክር አልቀዋል) የአረም ነቀላውን ሥራ በሙሉ ድምፅ ለእሱ የሰጠው ይህንኑ ዓይኑን አምኖ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ትከሻቸው ሰፋ፣ መልካቸው ፈካ ያሉትን «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ ሲያጠጣ፣ ከሲታዎቹን ሲያወርድ ከርሟል።

መምህርቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማንም አላየም። ዛሬውኑ እንንቀለውና ገና ያልተዘራ መደብ ነው እንላለን። በእኔና በእርስዎ ይቅር።»

መኮትኮቻ ልታመጣ ስትሄድ እሱ መደቡ አጠገብ ተቀመጠ። የከሰዓቱ ነፋስ ቅጠሎቹን አንድ ላይ አዘመማቸው፤ አውቶቡስ ኩርባ ሲዞር ተሳፋሪው እንደሚያዘምም። ዓይኑ ከደን ከደን ሲል ምድሪቱ ራሷ ቀስ ብላ የተንቀሳቀሰች መሰለው። በድሮው አውቶቡሱ ኋለኛ በር በኩል ሹራቧ የሳሳ ቀጭን ሴት ኪሷን ትበረብራለች። «ቆርጫለሁ እኮ፣ ወንድሜ! ጠፍቶብኝ ነው!» ዝናብ ነበር። አውርዷታል። አጠገቧ የነበረውን ባለ ካፖርት ግን ቲኬት አለህ ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀውም። እስከዛሬ ትዝ ብላው አታውቅም፤ አሁን በመስኮቱ ማዶ እንደ ሣር ቀጥና ቆማ ታየዋለች። አውቶቡሱ ይርቃል፣ እሷ ግን አታንስም።

«አይጥ በበላ ዳዋውን ስመታ ኖሬያለሁ» አለ ለራሱ።

መምህርቷ ስትመለስ የመደቡ አረም ተነቅሎ አልቋል፤ ዳር ላይ ከቀረች አንዲት ባለ ሰፊ ቅጠል በቀር።

«ይቺ አመለጠችዎት?»

«አላመለጠችም። ልጆቹ ይማሩባት።»

ለአትክልቶቹ ስም መጻፊያ ከተዘጋጁት ጣውላዎች አንዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በዚያ በቲኬት ቆራጭ ጠባብ ፊደሉ ጻፈበት። ጨርሶ ከቅጠሏ ሥር ተከለው። መምህርቷ ጎንበስ ብላ አነበበች።

«አረም። መልኳን አይቼ ካሮት ያልኳት።» ከሥሩ የራሱ ስም አለ።

«ኧረ ጋሼ! ነገ አገሩ ሁሉ ይስቅብዎታል።»

«ይሳቅ» አለና፣ ጣውላውን ነቅሎ ፊቱን ወደ መግቢያው አዙሮ ተከለው።