የቤሪል ሳጥን

«ቁርጡን ልንገርሽ፤ ለቀብሩ ደወል ስድስተኛ ሰው የለንም» አለ ክሊፎርድ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ። የተቀዳለት ሻይ ቀዝቅዟል።

ቤሪል ሌላ ሳህን አነሣች። አባቷ ሄርበርት ካረፈ ወዲህ ሊያስተዛዝን የመጣው ሁሉ በሥጋ የተሞላ ዳቦ ይዞ ስለሚመጣ ጠረጴዛው ላይ ሲኒ ማስቀመጫ እንኳ ጠፍቷል። እሷም ሳህን ማጠቡን ሥራዬ ብላ ይዛዋለች።

«ከከተማ ደዋይ ቅጠሩ» አለች ዞር ሳትል።

«ምን አልሽ?» የአባቷ ጎረቤት ኢድና ከምድጃው አጠገብ ቀና አለች። «ለሄርበርት ቅጥረኛ? አንቺ ልጅ፣ እዚህ አገር ደዋይ ሲሞት የደወሎቹ ምላስ በአንድ ጎኑ ቆዳ ይታሰርበታል። አንዱ ምት ጥርት፣ ቀጥሎ ያለው እፍን እያለ ይሸኙታል። ለአያትሽ ተደውሏል። አባትሽ ዝም ተብሎ ሊቀበር ነው?»

እውነቷን ነው። የቶርቢ መንደር ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ሱቁም ተከትሎታል። ግማሹን ቤት የለንደን ሰዎች ገዝተውት ቅዳሜና እሁድ ብቻ መብራት ይበራበታል። መንደሩ የእኔ የሚለው የቀረው እነዚያ ስድስት ደወሎች ናቸው። አምስቱ ሰው አላቸው። ሌሎቹን የምትመራው ትንሿ ደወል የሄርበርት ነበረች፤ ከእሱ ሌላ እሷን መደወል የሚችል ቤሪል ብቻ ናት።

ያስተማራት ራሱ ነው፣ ገና በልጅነቷ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ግን በኢድና ልጅ ሠርግ ላይ ስትደውል ተራዋ ጠፋባት። ስድስቱ ደወሎች ከመደርደሪያ እንደወደቀ ድስት ተንኳኩ፤ ሙሽራዋም አለቀሰች። ሄርበርት ሰው ሁሉ እየሰማ «ውረጂ! ሁለተኛ ገመድ እንዳትነኪ!» አላት። ወረደች። ሊድስ ገብታ ነርስ ሆነች። ለገና ስትመጣ አባትና ልጅ ስለ ዝናብና ስለ ድንች ያወሩ ነበር። እሷ አንዲት «ይቅርታ» ስትጠብቅ ዕድሜዋ ሃምሳ ደረሰ፤ እሱም ሳይላት ሞተ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» አለች፣ ሳህኑን እያሻሸች፣ «ያባረረኝ እሱ ነው። አልደውልም፣ በቃ!»

ክሊፎርድ ተነሣ። የልጅነት ጓደኛዋ ነው፤ ስትቆጣ ያውቃታል። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«እሺ። ያን ሳጥንስ ምን እናድርገው?»

«የቱን ሳጥን?»

«ያንቺን ነዋ! ገመዱ ጋ አልደርስ ስትዪ የሠራልሽን! እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ስንቴ አደናቅፎ እንደጣለኝ! የዛሬ አሥር ዓመት ላነሣው ስል ‹ተው! ልጅቷ ስትመጣ ምን ላይ ትቆማለች?› ይለኛል። አንቺ እኮ ያኔ የአርባ ዓመት ሴትዮ ነሽ፤ በቁመት እሱን በአንድ ራስ የምትበልጪው!»

ኢድና ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?» ቤሪል ከሳህኑ ቀና አለች።

«ሄርበርት? እንኳን ይቅርታ፣ ደህና አደራችሁ ማለትም ይጨንቀው ነበር» አለ ክሊፎርድ።

ቤሪል ያጠበችውን ሳህን መልሳ አጠበችው። ተናደደች። ይህ ግትር ሽማግሌ! ግማሽ ሰዓት በባቡር ተሳፍሮ መጥቶ ቢነግራት ምን ነበረበት? እሷስ አንድ ቀን ደረጃውን ብትወጣ ምን ይቀርባት ነበር?

የቀብሩ ዕለት ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ቤሪል ጠባቡን የደወል ቤት ደረጃ ወጣች። አምስቱ ደዋዮች ገመዳቸው ሥር ቆመዋል።

«ቀላሉን ነው የምንደውለው» አለ ክሊፎርድ ቀስ ብሎ፣ «ከትንሿ ወደ ትልቋ። ከጠፋብሽም ይጥፋብሽ።»

ሳጥኑ ከትንሿ ደወል ገመድ ሥር ተቀምጧል፤ ቀለሙ ለቋል፣ ምስማሩ ዝጓል፣ አቧራ ግን የለበትም። ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት። ራሷ ከሁሉም በላይ ሆነ፤ ገመዱን ለመያዝ ጎንበስ ማለት ግድ ሆነባት። ማንም አልሳቀም።

«ይኸው፣ መጣሁ» አለች።

ከዚያ ወረደች። ሳጥኑን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከጎኗ አስጠጋችው፤ ወደ ግድግዳው ግን አልላከችውም።

«ጠጋ በልልኝ፣ አባባ» አለችና ገመዱን ያዘች።