ናፍጣ የሚጠጣ ጎማ

እኔ ማስረሻ የምናገረውን ማንም እንደማያምን የማያውቅ ሰው አዳማ ውስጥ ካለ፣ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። የዝዋይ ጉማሬ አይሱዙ ላይ ተሳፍራ ሞጆ ስትደርስ «ወራጅ አለ» ያለችው በእኔ ሾፌርነት ዘመን ነው። መጣሙንስ ይጥማል ውሸት። ክፋቱ እውነት የሚያስፈልግ ቀን ነው።

አይሱዙዋ የእትዬ ፋኢዛ ናት። ከቡልቡላ ሽንኩርት እየጫንኩ አዳማ አራግፍላታለሁ። አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲነሳ ጥርሳም ጎማ በርካሽ አገኘችና ሁሉንም እግር አስቀየረች፤ አሮጌዎቹን ሸጠች። በጥርሱ መሀል ጣት ይገባል። ለጭቃ የተሠራ ነገር ነው። እኛ የምንሄደው ደግሞ አስፋልት።

«አየሃት? አንበሳ መሰለች!» አለችኝ።

«አንበሳ ቀለቡ ብዙ ነው፣ እትዬ» አልኳት። ሳቀች። እኔም የቀለድኩ መስሎኝ ነበር።

ከሞጆ እንደወጣሁ የጎማው ጩኸት ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ንብ፣ ፍጥነት ስጨምር እንደ ወፍጮ ቤት። ሬዲዮው አፉን ይከፍታል እንጂ ድምፅ የለውም። ድሮ ቁልቁለት ላይ እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ ራሷ ትንከባለል ነበር፤ አሁን አንድ ሰው ከኋላ ጨምድዶ እንደያዛት ቀጥ ትላለች። ሞተሯ ያንን ሁሉ ጥርስ ሲጎትት ይውላል። ቀድሞ አንዴ ሞልቼ ደርሼ እመለስ ነበር፤ አሁን በመልሱ ዝዋይ ላይ የናፍጣው መርፌ ይተኛል።

ቤት ስገባም ጎማው ጆሮዬ ውስጥ መዞሩን አይተውም። ባለቤቴ በላይነሽ ስትጠራኝ አፏን አያለሁ። ወጥ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እነዳለሁ።

በእኛ ሙያ ናፍጣ ጎደለ ማለት አንድ ነገር ነው፦ ሾፌሩ ጥግ ይዞ በጎማ ቱቦ ወደ ጀሪካን ቀድቶ ሸጧል። ሌላ ምክንያት የሚያስብ የለም። እትዬ ፋኢዛም አላሰበችም።

«ለማን ነው የምትሸጠው?»

«እትዬ ሙች፣ አልሸጥኩም። ጎማው ነው የሚጠጣው።»

«ጉማሬዋስ? እሷ አልጠማትም?»

የራሴ ጉማሬ ናት።

በመጨረሻ አጎቷን ኦቦ ሮባን አብረውኝ እንዲሄዱ ላከቻቸው። ኦቦ ሮባ ሰፈር የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው «አየሁ» ካሉ ሌላ ምስክር አይጠራም። ንጹሕ ነው ካሉኝ ቁልፉ ከእኔ ጋር ይቆያል፤ ካላሉ አስረክባለሁ። ውሉ ይኸው ነበር።

«እኔን አትሸነግልም፣ ልጄ» አሉ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል ተክለው። «ዓይኔ የናፍጣው ታንከር ላይ ነው።»

«ይሁን፣ ኦቦ። እኔም የምፈልገው እሱን ነው።»

ከሞጆ ስንወጣ ጩኸቱ ጀመረ።

«ምን አልክ?» አሉኝ።

ምንም አላልኩም ነበር። ትንሽ ቆይተው ማንጎላጀት ጀመሩ። መቂን ስናልፍ አገጫቸው ከዘራው ላይ ነበር። ያ ድምፅ እኔን ያደነዝዘኛል፤ እሳቸውን እንደ ሕፃን እሹሩሩ አላቸው።

«ኦቦ ሮባ! ኦቦ!» ድምፄን ራሴም አልሰማሁት። ጉልበታቸውን ወዘወዝኩ።

«ኤዬ፣ ኤዬ፣ እያየሁ ነው» አሉና መልሰው ተኙ።

ቡልቡላ ሽንኩርቱ ሲጫን ነቅተው ታንከሩ አጠገብ ቆሙ። ስንመለስ ያው እንቅልፍ። ዝዋይ ላይ መኪናውን አቁሜ ቀሰቀስኳቸው።

«ይኸው መርፌው፣ ይመልከቱ።»

«መርፌውን አያለሁ። ናፍጣው በየት እንደሄደ ግን አላየሁም።»

እትዬ ፋኢዛ ግቢዋ በር ላይ ጠበቀችን።

«አጎቴ፣ ሲሸጥ አይተዋል?»

«አላየሁም።»

«አልሸጠም ይላሉ?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «ወላሂ፣ ተኝቼ ነበር። ያላየሁትን አልመሰክርም።»

እሷ ወደ እኔ ዞረች። መናደድ ነበረብኝ፤ ፈለግኩት፣ አልመጣም። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩት። አንድ ነገር አለችኝ። ግማሹን አልሰማሁም፤ ጎማው ይዞር ነበር።

አሁን መንገድ ዳር ጂቱ ሻይ ቤት እውላለሁ። አይሱዙዋን ቀልቤሳ የሚባል ልጅ ይነዳታል። ከመታየቷ በፊት ጩኸቷ ይሰማል።

«በናትህ ማስረሻ፣» አለችኝ ጂቱ ዛሬ፣ «ለእነዚህ ባጃጅ ነጂዎች የሚጠጣውን ጎማ ንገራቸው።»

ነገርኳቸው። እንደሆነው፣ ምንም ሳልጨምር፤ ጥርሱን፣ ቁልቁለቱን፣ መርፌውን፣ የኦቦ ሮባን እንቅልፍ። እጅ ለእጅ እየተማቱ ሳቁ።

«ከጉማሬዋ ይበልጣል!» አለ አንዱ እንባውን እየጠረገ።

አይሱዙዋ መጣች። ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ፣ ሳቁ በጩኸቷ ተዋጠ። እኔ ማውራቴን አላቆምኩም። እስክታልፍ ድረስ ባጃጅ ነጂዎቹ አፌን አፌን ያዩ ነበር።