ከግድግዳው ማዶ የሚመጣ ሳቅ

የሎጂክ መምህሩ ትምህርቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በምልክት የሚሞላ ሰው ነበር። ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ፣ ያዛጋሉ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ እግሬ አውጪኝ ይላሉ። እሱም «የዛሬ ልጅ ማሰብ አይወድም» እያለ ራሱን ያጽናናል።

ዘንድሮ ግን ከግድግዳው ማዶ ሳቅ ይሰማው ጀመር። የድሮ ተማሪው መምህርት ሆና እዚያው ኮሌጅ ተቀጥራለች፤ ያንኑ ትምህርት በጨዋታና በእንቆቅልሽ ታስተምራለች። የእሱ ተማሪዎች ሳይቀሩ ሹልክ እያሉ እሷ ክፍል ይገባሉ። ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ጥርሱ ይስቃል፤ አንጀቱ ግን እርር ድብን ይላል።

አንድ ቀን አላስችል አለውና ዲኑ ቢሮ ገባ።

«ኮሌጁን ቁማር ቤት አደረገችው እኮ!»

«ገብተህ አይተሃል?»

«ሳቁ አይበቃም?»

«በል ና፣ አብረን እንይ» ብሎ ዲኑ ተነሳ።

ከኋላ ተቀመጡ። መምህርቷ ሁለት ጥቁርና አንድ ቀይ ቆብ ለክፍሉ አሳየች። ከዚያ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተማሪ ፊት ለፊት አቁማ ዓይናቸውን አስጨፈነች፤ ጥቁር ጥቁሩን ደፋችላቸውና ቀዩን ደበቀችው።

«ግለጡ! የራሱን ቆብ ቀለም ያወቀ ይናገር፤ ከነምክንያቱ።»

መምህሩ ወንዱን ልጅ ሲያይ ሳቁ መጣ። አምና በፈተና የጣለው፣ «ድንጋዩ» ብሎ ስም ያወጣለት ልጅ ነው።

ሁለቱ ተፋጠው ቆዩ። በመጨረሻ ድንጋዩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የኔ ጥቁር ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«የኔ ቀይ ቢሆን ኖሮ እሷ ወዲያው ‹የኔ ጥቁር ነው› ትል ነበር፤ ቀዩ አንድ ብቻ ነዋ! ዝም ስትል ነው የገባኝ።»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ ዲኑም አጨበጨበ። የመምህሩ እጆች ግን ጉልበቱ ላይ ቀሩ። ዓመቱን ሙሉ ደክሞ ያላስከፈተውን አፍ ይቺ የትናንት ተማሪው በቆብ ታስከፍተው!

ዲኑ ሲወጣ «ቁማሩን አላየሁትም» ብሎት ሄደ። መምህርቷ ቀረብ አለች።

«መምህር፣ እንኳን መጡልኝ። ትምህርቱ ምን ይጎድለዋል ይላሉ?»

እንከን ፈለገ፤ አጣ። ማጣቱ ይበልጥ አቃጠለው።

«ይሄ ልጅ እኔ ጋ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም» አላት።

«ጠይቀውት ያውቃሉ?»

ለነገር አልነበረም፤ ከልቧ ማወቅ ፈልጋ ነው። እሱ ግን ደህና ዋይ እንኳ ሳይል ሄደ።

ቀናት አለፉ፤ ቅናቱ አልበረደለትም። ያም ሆኖ አንድ ጠዋት ጠመኔውን አስቀምጦ ተማሪዎቹን ጥያቄ ጠየቃቸውና መልስ መጠበቅ ጀመረ። መጠበቁ ጨነቀው። ከኋላ አንዲት ልጅ ፈራ ተባ እያለች እጇን አወጣች፤ መልሷ ስህተት ነበር። ሊያርማት አፉን ከፈተና ተወው።

«እስቲ ንገሪኝ፣» አላት፣ «ለምን እንዲያ አሰብሽ?»