በካፖርቱ ገበር ውስጥ

እሌኒ ወደ ኪየቭ ለመሄድ አራት ቀን ሲቀራት አያቷ እሜቴ ባንቺአየሁ እህል አልወርድላቸው አለ። «ቅሪ» የምትል ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ አይተፏት፣ አይውጧት። አንድ ልጃቸው አምባቸው፣ የእሌኒ አባት፣ በሰባ ዓመተ ምሕረት ከዚሁ ቤት ተወስዶ እንደወጣ ቀርቷል። ከእሱ የተረፈው ልጅቷና የእጅ ሰዓቱ ናቸው።

«እስቲ ንገሪኝ፤ እዚያ በረዶ አገር የምትማሪው ምንድን ነው?» አሏት፣ ጣና ዳር ዋርካው ሥር ተቀምጠው።

«ፖዚትሮኒየም የሚባል አቶም አለ፣ እምዬ። ሁለት ኢምንት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው አጥፊው ነው። ሲዞሩ ሲዞሩ ይገናኙና ሁለቱም ጠፍተው ብርሃን ይሆናሉ።»

«ወዲያው?»

«ዓይን እስኪርገበገብ አይቆዩም። ኃይል አግኝተው ራቅ ራቅ ብለው ሲዞሩ ግን ዕድሜ ያገኛሉ። ከውጭ ደግሞ የማግኔት ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል ቢጠጋቸው፣ እንደ አጠጋጉ ዕድሜያቸው ይረዝማል ወይም ያጥራል። ትምህርቱ ይህን መቆጣጠር ነው።»

«እኔ አራተኛ ክፍል ስደርስ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም» አሉ። ከነገሩ ሁሉ የያዙት ግን «ይረዝማል» የሚለውን ብቻ ነበር።

በማግስቱ እሌኒ የድጋፍ ደብዳቤ ልታመጣ ቀበሌ ስትሄድ፣ የተበላሸውን ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ፈልቅቀው ማግኔቱን አወጡ። እንደ ክታብ በቀይ ቆዳ ሰፍተው ከካፖርቷ ገበር ውስጥ፣ በደረት ኪሱ በኩል፣ ከተቱት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አሥራ አምስት ዓመት የሠራ እጅ ነው፤ ስፌቱ አይለይም።

የመሄጃዋ ቀን ጧት እሌኒ ሰዓት ልታይ እጇን ወደ ደረት ኪሷ ሰደደች። የአባቷ ሰዓት ማሰሪያው ተበጥሶ እዚያ ነበር የሚያድረው። ቆሟል። ገበሩን ዳበስ አደረገች።

«እምዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ዕድሜ ነዋ። አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ?»

እሌኒ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ማግኔት እኮ አብዛኛውን ጊዜ ያሳጥራቸዋል እንጂ አያረዝማቸውም።»

«ያሳጥራል?»

«እነሱን ነዋ። ሰውን ምን ያደርጋል? የጎዳው ሰዓቱን ነው።»

እሜቴ አልሰሟትም፤ መቀስ አንሥተው ገበሩን መተርተር ጀምረዋል። ክሩን ሲበጥሱ አምባቸው ሊወሰድ አንድ ሌሊት የቀረው ያ እሑድ መጣባቸው። መርስዔ ኀዘን፣ የአምባቸው ጓደኛ፣ «ታንኳ አለ፣ ወደ ደልጊ እንሻገር» ብሎ በር ላይ ቆሞ ነበር። እሳቸው የልጃቸውን ጋቢ ይዘው፣ «ከእናትህ ቤት ማን ይነካሃል? እደር» አሉት። ሲነጋ ሊወስዱት የመጡት ሰዎች ከአልጋው ላይ አገኙት። መርስዔ ኀዘን ዛሬ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ሦስት ልጅ ወልዷል።

ይህን ለማንም ተናግረውት አያውቁም።

ማግኔቱን አውጥተው ገበሩን መልሰው ሰፉት። እሌኒ ጎንበስ ብላ ፊታቸውን አየች።

«እምዬ፣ ብቀር ይሻልዎታል?»

ያቺ «ቅሪ» እንደገና ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጣች። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«ካፖርቱን ልበሽ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሰው አይጠብቅም።» ኮሌታዋን እያስተካከሉ፣ «ሰዓቱን ግን ተይልኝ፤ ሰዓት ሠሪው ሙሔ ይየው» አሉ።

ከመናኸሪያ ሲመለሱ ሰዓቱን ራስጌያቸው አኖሩት። ማግኔቱን ከጎኑ ሊያስቀምጡ ብለው እጃቸውን መለስ አደረጉ። ከሰዓቱ እንዲርቅ ይዘውት ጓሮ ወጡ፤ የማገዶው ቤት መጨረሻ ድረስ ሄደው ከግድግዳው ላይ ሰቀሉት።